የሐሙስ እርማት

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ ከሦስቱ አንዱ አራሚ ነው። ይህን በጥናት አላረጋገጥኩም፤ የሚጠራጠር ግን የሰፈሩን ዕድር ማስታወቂያ ጠጋ ብሎ ይመልከት፤ ጠርዙ ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር አያጣም። አራሚን ማንም አይሾመውም፤ ማንም አይለምነውም። የተጻፈ ነገር ሲያይ ግን፣ ሌላው ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ እጁ ወደ ግንባሩ እንደሚሄድ፣ የእሱ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል።

የዴን ሃግና የአካባቢዋ አራሚ፣ የሁለት ቀይ እስክሪብቶዎች ባለቤት፣ ሊቀ እርማት ጋሽ አዘዘ ናቸው። ሁለተኛው እስክሪብቶ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ቢከዳቸው ተብሎ የተያዘ ነው። ሰማያዊ ይዘው አይቼ አላውቅም። ፊርማ ሲጠየቁ ከሰው ይዋሳሉ።

ጋሽ አዘዘ ኩባ ያደጉ ናቸው። አባታቸው ኦጋዴን ላይ ሲወድቁ ገና አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ በዓመቱ ከብዙ መሰሎቻቸው ጋር በመርከብ ተጭነው፣ እስከ ዛሬ በአጭሩ «ላ ኢስላ» የሚሏት ደሴት ላይ ወረዱ። ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት። አንዲት የእስፓንኛ መምህርት ነበረች፤ አንድ ስሕተት ያለበትን ገጽ ተማሪው ፊት ቀድዳ ትጥለዋለች። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ስለ እናቱ እንደሚያወራ ሰው ይለሰልሳል። በኋላ ሃቫና ዩኒቨርሲቲ ገብተው በእስፓንኛ ቋንቋ ተመረቁ። ወደዚህ አገር ሲመጡ ዲፕሎማቸውን የተቀበለችው የኸሜንቴ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሠራተኛ አገላብጣ አየችና «ማኅተሙ በጣም ያምራል» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ዴን ሃግ አጠገብ ራይስዋይክ ውስጥ፣ ማለዳ ሰው ሳይገባ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ፎቅ ያጸዳሉ። እዚያም አላረፉም። ሠራተኞቹ ኩሽናው ላይ «ኩባያህን ራስህ እጠብ» ብለው በደች የለጠፉትን ወረቀት አርመው፣ ግርጌው ላይ «አቀራረቡ ስሜታዊ ነው» የሚል አስተያየት ጨምረውበት፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ማስጠንቀቂያውንም አርመው መልሰውታል።

ከሚያውቁት እስፓንኛ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ አባባል ነው፤ «ሴ ኤቪዴንሲያ»። «በግልጽ ይታያል» እንደ ማለት ነው። በእስፓንኛ የጥናት ጽሑፍ ውስጥ «አየሁ» አይባልም፤ «አሰብኩ»፣ «ገረመኝ» አይባልም። ነገሩ ራሱ ብቅ ብሎ ይታያል እንጂ ያየው ሰው የለም።

«ጥሩ አጥኚ ማለት» ይላሉ ጋሽ አዘዘ፣ «ክፍሉን ጠርጎ የወጣ ሰው ነው። ባለቤቶቹ ሲገቡ ንጹሕ ወለል ያያሉ። ማን እንደጠረገው አይጠይቁም።»

ችግሩ አባባሉን ከጥናት ጽሑፍ አውጥተው ከተማው ላይ መልቀቃቸው ነው። ትራም ሲቀር «መዘግየት በግልጽ ይታያል» ይላሉ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሳስነጥስ «ይማርሽ» ማለት ሲገባቸው «የሕመም ምልክት በግልጽ ይታያል» ይሉኛል።

ሮተርዳም የወይዘሮ ጥሩአየሁ ምግብ ቤት በተከፈተ ሰሞን ሄደው ነበር። በልተው ሲጨርሱ ሜኑውን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረጉት።

«ሚራ!» አሉ። በእስፓንኛ «ተመልከት» ማለት ነው፤ በእሳቸው አፍ ግን «ጉድ ፈላ» ማለት ነው። «‹ልዩ ክትፎ›። ልዩ ከምን አንጻር? ማስረጃ ይጠቀስ!»

«ማስረጃውማ ሆድዎ ውስጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ ሳህኑን እያነሡ። «ጥርግ አድርገው በልተውታል!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በሩ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቋቸዋል። «ፕሮፌሶር፣ መሣሪያ።» ጋሽ አዘዘም ሁለቱን እስክሪብቶ አውጥተው እንደ ተማረከ መኮንን ያስረክባሉ።

የአምስተርዳሞቹ ሊባኖስና ሊድያ ይህን ብልሃት አልሰሙም ነበር። የሠርግ ጥሪያቸውን «እስቲ ዓይንዎን ያሳርፉበት» ብለው ሰጧቸው። አራሚን እንዲህ ማለት ጎርፍን «ትንሽ እግርህን አርጥብ» ብሎ ቤት እንደ መጋበዝ ነው። «እጅግ የምንዋደድ እኛ» የሚለው ተሰርዞ፣ «በሁለቱ ወገኖች መካከል ፍቅር መኖሩ በግልጽ ይታያል» ተብሎ ተመለሰ። ሊባኖስ ትልቅ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል ብሎ እንዳለ አሳተመው። ሊድያ ሠርጉ እስኪደርስ አላናገረችውም። ዛሬ ያንን ጥሪ በመስታወት አስገብተው፣ እንደዚህ አገር ሰው ልማድ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ከልደት ካላንደሩ ጎን ሰቅለውታል። ሲጣሉ አንዳቸው ገብተው በር ይዘጋሉ። ሲወጡ እየሳቁ ነው።

ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር የሚኖሩት እማማ የትነበርሽ ግን አልሳቁም። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ሻግቶ ሌት ተቀን ያስላቸው ነበር። ጋሽ አዘዘ ለቤት አከራዩ ድርጅት ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ በደች ጻፉላቸው። «በመኖሪያው ውስጥ እርጥበት ይታያል። ሻጋታ ይስተዋላል። ሳል ይሰማል።» ከወር በኋላ መልስ መጣ። በቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ካለ ማንነቱ ይገለጽልን ይላል።

«እኔ አለሁ እንጂ!» እማማ የትነበርሽ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «የምስለው እኔ! እኔ የትነበርሽ! በደች ‹እኔ› የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«አለ» አሉ ጋሽ አዘዘ ቀስ ብለው። «ግን ጽሑፉን ያበላሸዋል።»

«ሳንባዬ ከሚበላሽ ጽሑፉ ይበላሽ!»

በሁለተኛው ደብዳቤ አናት ላይ እኔ፣ ሰው ፊት አፌን የማልከፍተው፣ አንድ መስመር በድብቅ ጨመርኩ። «ስሜ የትነበርሽ ነው፤ እዚህ ቤት የምኖረው እኔ ነኝ፤ መተንፈስ አቅቶኛል።» በሦስት ሳምንቱ ሰዎች መጥተው ግድግዳውን ፍቀው ቀቡት። ጋሽ አዘዘ ይህን መስመር እስካሁን ይቅር አላሉኝም። «ውጤት አስገኝቷል» ይላሉ። «ቅርጹ ግን ተጎድቷል።»

እኔም ከታራሚዎቹ አንዷ ነኝና ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። አምስተርዳም የተማርኩት ግጥም ነው፤ የማስተርስ ቴሲሴም በሙሾ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እተርፋለሁ ብዬ ነበር። «እንግሊዝኛ ብዙ አልችልም» አሉኝ፤ «ስሕተት ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሸተኛል።» አንዲት አልቃሽ ሴት ልጇን ስለቀበረችበት ቀን ያወጣችውን ሙሾ ከቴፕ ቀድቼ፣ ከሥሩ «ይህን ስሰማ አለቀስኩ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ደረሰ። «ማን አለቀሰ? ይታረም፦ ለቅሶ ተስተውሏል።»

አረምኩት። እምቢ ማለት አልችልበትም።

አንድ ቀን ብቻ ሲሸነፉ አይቻለሁ። ሮተርዳም፣ እስክሪብቶዎቻቸውን በር ላይ አስረክበው በተቀመጡበት፣ የወይዘሮ ጥሩአየሁ የልጅ ልጅ አቢ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ጠረጴዛው ጥግ ለአባቶች ቀን ካርድ ትሠራ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጋሽ አዘዘ አንገታቸውን አስግገው አነበቡና የልጅቷን ቀይ ከለር አነሡ።

«አንተ! አፍብላይፈን!» አለች አቢ። በደች «እጅህን ሰብስብ» ማለት ነው። «የኔ ነው!»

«‹አባዬ ቶሎ ና›። ጥሩ ነው። ግን አራት ቃለ አጋኖ ምን ያደርጋል? አንድ ይበቃል።»

«አይበቃም! ቶሎ እንዲመጣ እኮ ነው!»

ጋሽ አዘዘ ከለሩን ቀስ ብለው መለሱላት። በዚያ ቀን ሌላ ምንም አላረሙም። ጥሬ ሥጋ አዝዘው እንኳ ሳይነኩት ወጡ።

እስካሁን ያወራሁት ለሳቅ ነው። ሐሙስ ግን ለሳቅ አይደለም።

ሐሙስ ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ራይስዋይክ ቤተ መጻሕፍት እንገናኛለን። እሳቸው የእኔን ገጾች ያርማሉ፤ እኔ የእሳቸውን ወረቀት ስካን አድርጌ በኢሜይል እልክላቸዋለሁ። ስልካቸው ታጣፊ ነው፤ ስካነሩን ደግሞ ይፈሩታል። የሚላከው ወረቀት የሰገነት ነው።

ሰገነት ልጃቸው ናት። ሃቫና ተወለደች፤ ሃቫና አለች። አራት ዓመቷ ሳለ አባቷ «ለሦስት ሳምንት ስብሰባ» ብለው ወደ ማድሪድ በረሩ። ከማድሪድ በባቡር እዚህ። የመኖሪያ ወረቀት እስኪያገኙ ሰባት ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይጽፉ ነበር፤ ከዚያ ምን ብለው እንደሚጽፉ ጠፋቸው፤ ከዚያ ያለፉት ዓመታት ራሳቸው አሳፈሯቸው። የነገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ትራም ስንጠብቅ፣ ወደ ሐዲዱ እያዩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኢሜይል መጣ። ሰገነት የዶክትሬት ጥናቷን እየጻፈች ነው፤ በላ ኢስላ ስለተማሩ የውጭ አገር ልጆችና ኋላ እነዚያ ልጆች አድገው ትተዋቸው ስለሄዱ ቤተሰቦች። በእናቷ መሳቢያ ውስጥ የአባቷን የመመረቂያ ጽሑፍ አግኝታ አንብባዋለች። መቶ አርባ ገጽ ነው፤ አንድ ስሕተት አላገኘችበትም። «ክቡር አቶ አዘዘ» ይላል ኢሜይሉ። «አራሚ ያስፈልገኛል። ሌላ ምንም አያስፈልገኝም።»

ጋሽ አዘዘ ይህን ኢሜይል አሳትመው ከዲፕሎማቸው ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጠውታል።

በየወሩ አንድ ምዕራፍ ይመጣል። ያርማሉ፤ እልካለሁ። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። ከዚህ አያልፍም። አንድ ሐሙስ ግን «ገጽ 34 ላይ የጻፉት አልገባኝም፤ ቢያብራሩልኝ?» ብላ ላከች። «ጠየቀችኝ!» አሉ ጋሽ አዘዘ፣ ሰው በሚያነብበት አዳራሽ ጮክ ብለው። «ጥያቄ እኮ ነው!» ለአንድ ኮማ አራት ገጽ ማብራሪያ ጻፉ። ከዚያ ትራንስቫል ገበያ ወርደን ማንጎ ገዙና ግማሹን ለእኔ አሸከሙኝ።

የሚፈሩትን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ጥናቱ ያለቀ ቀን ኢሜይሉም ያልቃል።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ሰገነት ረዘም ያለ መልእክት ጻፈች። ጥናቱን እስከ ሜይ ሠላሳ ካላስረከበች የምታስተምርበትን ቦታ ዩኒቨርሲቲው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሁሉም ምዕራፎች ተያይዘው መጥተዋል። «እባክዎን ለመጨረሻ ጊዜ ይመልከቱልኝ።»

ተመለከቱ። በቀይ ተጥለቅልቆ ሄደ። አስተካክላ መለሰችው። እንደገና በቀይ ተጥለቅልቆ ሄደ። ማርች አለፈ። ኤፕሪል ገባ። አራተኛው ዙር ላይ ደረስን። የሰገነት መልሶች እያጠሩ መጡ፤ በመጨረሻ «ደርሶኛል» ብቻ ቀረ።

የእኔ እስፓንኛ በሁለት ዓመት ከቀይ ቀለም ሥር የተለቀመ ነው። አረፍተ ነገር አልመሠርትም፤ ግን ቃል ለይቼ አውቃለሁ። የላክኩት ሁሉ ደግሞ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። አንድ ቀን አራቱን ዙሮች ጎን ለጎን ከፍቼ አየሁ። በመጀመሪያው ዙር የሰረዙትን በሦስተኛው መልሰው አስገብተውታል። ያስገቡትን በአራተኛው ሰርዘውታል። ልጅቷ የምታርመው የራሷን ስሕተት አልነበረም።

እኔ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የምለውን በልቤ ሦስት ጊዜ የማጠና ሰው ነኝ። ይህን ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ አጠናሁት። ሐሙስ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

«ጋሽ አዘዘ፣ ይህችን ቃል ማን ነው የሰረዛት?»

«የቷን?»

«እርስዎ ነዎት፤ በመጀመሪያው ዙር። እዚህ ደግሞ መልሰው ያስገቧት እርስዎ ነዎት።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «አስተሳሰብ ያድጋል።»

«አርባ ሦስት ቦታ ነው፣ ጋሽዬ።»

ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ደች ጋዜጣ ያገላብጣሉ፤ የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ቦታዋን ታጣለች» አልኳቸው። ከዚህ በኋላ የምለውን አላጠናሁም ነበር።

«አውቃለሁ።»

ቀዩን እስክሪብቶ ከደኑት፣ ከፈቱት፣ ከደኑት።

«ከጨረሰች በኋላ» አሉ፣ «እኔ ምን ብዬ ልጻፍላት? አንቺ ግጥም ተምረሻል። ምን ተብሎ ይጀመራል?»

አላወቅሁም። ግጥም ይህን አያስተምርም።

«የመጀመሪያውን ምዕራፍ ክፈችው» አሉኝ። «ከሁለት ዓመት በፊት የላክሽውን። ገጽ ሦስት።»

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ቀን ሥራችን ነበር፤ ያኔ አንድም ቃል ሳይገባኝ ነው ስካን ያደረግኩት። አሁን ገባኝ። በሰገነት ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦ «አባቴ የሄደው አራት ዓመቴ ሳለ ነው። ለሦስት ሳምንት ብሎኝ ነበር።» በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ከጎኑ «ስሜታዊ። የጥናት ቋንቋ አይደለም» ተብሏል። ከላዩ ደግሞ በዚያ ውብ በሆነ የእጅ ጽሑፋቸው ምትኩ ተቀምጧል፦ «በተጠኑት ቤተሰቦች ውስጥ የአባት መለየት በግልጽ ይታያል።»

ሰገነት ያኔም የመለሰችው «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ነው።

ጋሽ አዘዘ በጣታቸው የስክሪኑን ቀይ መስመር ተከተሉት። «በመስመሪያ ነው የሰረዝኩት» አሉ። «ተመልከቺ፤ ቀጥ ያለ ነው። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

በዚያ ቀን አምስተኛውን ዙር ሠሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ የጻፉት ግን ትንሽ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሌላ እርማት የለም። ይቅረብ» አሉ። ገጽ ሦስት ላይ ደግሞ ከዚያ አረፍተ ነገር ጎን እንዲህ ጻፉ፦ «ይህ እርማት ስሕተት ነበር። የመጀመሪያው ይመለስ። ኖቬምበር 14፣ 2000፤ ማክሰኞ ነበር። ነጭ ካልሲ አድርገሽ ደረጃው ላይ ቆመሽ ነበር። ሦስት ሳምንት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሳልመለስ የቀረሁት እኔ ነኝ። አዘዘ።»

ወረቀቱን ስካነሩ ላይ ሳስቀምጥ «ቀስ በዪ፣ እንዳይጣመም» አሉኝ።

«ደርሶኛል» የሚል አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ጋሽ አዘዘ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ኮታቸውን ሳያወልቁ ይቀመጣሉ፤ ኢሜይሉን እከፍትላቸዋለሁ፤ «የለም» እላለሁ፤ «እሺ» ይላሉ። ሜይ ሠላሳ አለፈ። አስረክባ ይሆን? በእኔ ምክንያት ቀርቶባት ይሆን? ብለው አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ግን ከስተው ነበር፤ የኮታቸው ትከሻ ወርዶ ነበር።

ጁን መጨረሻ ላይ ከሃቫና ኢሜይል ገባ። አንድ ቃል የለበትም። ማኅተም ያረፈበት፣ የተፈረመበት፣ የጸደቀ ጥናት ብቻ ተያይዟል።

«አስረክባለች» አሉ ጋሽ አዘዘ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ተመስገን። አስረክባለች።» ቀጥለውም «ገጽ ሦስት» አሉ።

ገጽ ሦስትን ከፈትኩ። በልቤ እየጸለይኩ ነበር። «በተጠኑት ቤተሰቦች ውስጥ የአባት መለየት በግልጽ ይታያል» ይላል። እሳቸው ያስተማሯትን ነው እንዳለ ያቆየችው። የመለሱላትን አልተቀበለችም።

ደጋግመው አነበቡት።

«ትክክል ነው» አሉ በመጨረሻ። «አረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። ምንም አይወጣለትም።»

የምስጋናውን ገጽ ፈለግኩላቸው። ሰገነት እናቷን ታመሰግናለች፤ መምህሯን ታመሰግናለች፤ አንዲት ጓደኛዋን በቁልምጫ ስሟ ጠርታ ታመሰግናለች። «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» እያለ ይወርድና፣ መጨረሻው መስመር ላይ ብቻ አካሄዱ ይለወጣል። «ለቋንቋ እርማቱ ለአቶ አዘዘ ምስጋና ይቀርባል።» ማን እንደሚያቀርበው አይልም።

ጋሽ አዘዘ ወደ ሽፋኑ እንድመለስ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ከርእሱ ሥር «ሰገነት አዘዘ» ይላል።

«መዝጋቢዋን ግማሽ ቀን ተከራክሬ ነው በእኛ ደንብ ያስመዘገብኳት» አሉ። ጣታቸውን ስሙ ላይ አኑረው «ስሜ ሁለት ቦታ አለ» አሉ። ከዚያ በሥራ እንደለመዱት ጠረጴዛውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ከሃቫና ምንም አልመጣም። አሁን ኦክቶበር ነው፤ የዛፉ ቅጠል ትራም ሐዲዱ ላይ ረግፏል። ጋሽ አዘዘ ግን ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ አይቀሩም፤ የእኔ ቴሲስ አላለቀማ።

ማለቴ፣ አልቋል። ጁላይ ላይ አስረክቤ ኦገስት ላይ ተመርቄአለሁ። ዲፕሎማዬን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ያውቃሉ፤ እማማ የትነበርሽ ያውቃሉ፤ ትንሿ አቢ እንኳ ታውቃለች፤ እንዳትናገር ቃል አስገብቻታለሁ። ያልሰሙት ጋሽ አዘዘ ብቻ ናቸው። ረቡዕ ማታ አራት ገጽ አወጣና ስሕተት እዘራበታለሁ። ሁለቱን ቶሎ እንዲያገኟቸው ከፊት አደርጋቸዋለሁ፤ አንዱን ደግሞ፣ ሲያገኙት እንዲኮሩ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ እደብቀዋለሁ። ይህ ሥራ ቴሲሱን ከመጻፍ ይከብዳል።

ባለፈው ሐሙስ መደምደሚያውን ለአምስተኛ ጊዜ ይዤላቸው ሄድኩ። አንደኛውን ገጽ አገላበጡ፤ «ሚራ!» አሉ፤ ሁለተኛውን አለፉ፤ ሦስተኛው ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«ይህችን ስሕተት ሴፕቴምበርም ሠርተሻታል።»

«እረሳለሁ» አልኳቸው።

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ትኩር ብለው አዩኝ። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ፤ መዋሸት አልችልበትም። ጋሽ አዘዘ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉና ቃሏን እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል አረሟት።

«ገና ብዙ ይቀረዋል» አሉ። «አትቸኩዪ።»

«አልቸኩልም» አልኳቸው።